«ና ብላ» የሚለው ጭራቅ

የማኅበር እኅቶቼ፣ ፍኖተ ሰላምን አይታችሁ የማታውቁ ብዙ ናችሁ። እኔም ባለፈው ጥር ሄጄ እስክመለስ ከእናንተው አንዷ ነበርሁ። ሊበን ገበያ፣ ሲበዛ ደግሞ ዱርቤቴ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አገር ለእኔ ወሬ ነበር። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለሆነ ቃሉ ቢወላገድ ሐሳቡን ያዙልኝ። መንገዱን እንደሄድሁበት፣ የበላሁትን እንደበላሁት፣ የፈራሁትንም እንደፈራሁት እነግራችኋለሁ። ፈሪ መሆኔን መቼም አልደብቅም። «ፈሪ ለእናቱ» ይባላል፤ እናቲቱ ራሷ ፈሪ ስትሆን ለማን እንደምትሆን ግን የነገረኝ አልነበረም።

የሄድሁት በልጄ በስንዱ ምክንያት ነው። ስንዱ ፍኖተ ሰላም ኮሌጅ ገብታ መምህርነት ትማራለች። ከጥምቀት በኋላ የጎረቤታችን ልጅ ፈንታሁን ከዚያው ከኮሌጁ መጣና፣ ከባለቤቴ ጋር ጠላ እየጠጣ ሲያወራ ከጓዳ ሰማሁት።

«ስንዱማ ቲያትር ውስጥ ገብታለች። እንዲያው ተራ ቲያትር እንዳይመስልዎት፤ ኦፔራ ነው የሚሉት። ከፈረንጅ ፊልም ያወጡት ነው። አንድ ጭራቅ አለ፣ ሰውን በስሙ እየጠራ ይበላል።»

«ስንዱንም ይበላታል?» አልሁ ከጓዳ ሆኜ።

«እኔ ልምምዱን እስከ መጨረሻው አላየሁም፤ ግን የሚተርፍ የለም አሉ» አለና ጠላውን ጨለጠ።

እሱ ጠላውን ጨልጦ ሄደ፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። እናንተ ምክንያቱን ታውቃላችሁ፤ የሩቅ አገር ሰው ካነበበው ግን ልንገረው። በእኛ ዘንድ ሲመሽ ስምህ ቢጠራ፣ ሦስቴ ሳይጠራህ «አቤት» አትልም። ሰው ከሆነ ሦስቴ ይጠራል፤ ያ ሌላው ነገር ግን ከሁለት አያልፍም። የስንዱ ታላቅ፣ ልጄ ጌታሁን፣ ጥርሱን ገና ሲለውጥ፣ አንድ ምሽት ከወንዝ በኩል ተጠራሁ ብሎ «አቤት!» እያለ ሮጠ። እኔ አልጠራሁትም፤ አባቱም አልጠራውም። በሳምንቱ በትኩሳት ሞተብኝ። ጤና ጣቢያው ወባ ነው አለ። ወባም ይሁን፤ ማን እንደጠራው ግን እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ። ስልክም ቢሆን ሦስቴ ሳይጮህ የማላነሣው ለዚህ ነው፤ እናንተ እንደሆናችሁ ሳቁብኝ።

እንግዲህ የቀረችኝን አንዲት ልጅ ጭራቅ ስሟን እየጠራ ሲበላት ሕዝብ ተሰብስቦ ሊያይ ነው። ላመጣት ተነሣሁ።

«ተይ እንጂ ሴትዮ፣ ቲያትር እኮ ውሸት ነው» አለኝ ባለቤቴ።

«ሟርትስ እውነት ሆኖ ነው የሚጀምረው?» አልሁት። የልማት ቡድን መሪያችን ደግሞ «ስብሰባ ልትቀሪ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎን» አልኋት። ስፈራ እንዲህ ነኝ፤ የሚያቆመኝ የለም።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ለስንዱ የጋገርሁትን ዳቦ በጀርባዬ አዝዬ፣ ማር የሞላሁባትን ቅል በእጄ፣ ጃንጥላዬን በብብቴ ይዤ ሊበን ድረስ በእግሬ ሄድሁ። ከሊበን ዱርቤቴ ያለውን መንገድ አልተርክላችሁም፤ አቧራው ያው ነው። ከዱርቤቴ ወዲያ ግን አስፋልት ነው። እኛ ኮረኮንች የለመድን ሰዎች አስፋልት ላይ ስንወጣ መኪናው የቆመ ነው የሚመስለን። ዛፉ ወደ ኋላ ሲሮጥ አይቼ ነው መሄዳችንን ያመንሁ።

ዳንግላን አልፈን እንጅባራ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይበሳል። እዚያ አጥሩም ቀርከሃ፣ ወንበሩም ቀርከሃ፣ የዶሮ ቤቱም ቀርከሃ ነው። አህያ በእኛ አገር እንደሚበዛው በእነሱ አገር ፈረስ ይበዛል፤ አንድ መነኩሴ ሳይቀሩ ፈረስ ላይ ሆነው ሲጋልቡ አየሁ፤ ቆባቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው። ቲሊሊን ጥቂት እንዳለፍን ጎማው ፈነዳ። እኔ ጦርነት መስሎኝ ከወንበሩ ሥር ገባሁ።

«ውረዱ፣ ውረዱ፣ ጎማ ነው!» አለ ረዳቱ። ሁሉም ወረደ። እኔ ወደ ወንበሬ ተመልሼ ተቀመጥሁ።

«እናቴ፣ እርስዎም ይውረዱ እንጂ።»

«እኔ ምን እከብዳለሁ? ደግሞ ቦታዬን ቢይዙብኝስ?»

«ማን ነው የሚይዝብዎ? ሁላችንም ውጭ ነን እኮ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አጠገቤ ተቀምጣ የመጣችው ሴት መስኮቱን አንኳክታ «ነይ ውረጂ የኔ እመቤት፤ ቦታሽን እኔ እመሰክርልሻለሁ» አለችኝ። ደብሬ ትባላለች፤ በርበሬ ነጋዴ ናት፤ እንጅባራ ገበያ ሸጣ ወደ ቡሬ መመለሷ ነው። ወርጄ ከእሷ ጋር በጃንጥላዬ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ዳቦዬን ቆርሼ ሰጠኋት፤ እሷም የምሄድበትን ጠየቀችኝ፤ ሁሉንም ነገርኋት። ጭራቁን ስነግራት አልሳቀችም። ለዚህ ወደድኋት።

ቡሬ የገባነው ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። አልጋ ቤት ልፈልግ ስል ደብሬ ክንዴን ያዘችኝ። «እኔ እያለሁ? መንገድ ዳር ከሹፌር ጋር ልታድሪ?» ብላ ይዛኝ ሄደች። ቤቷ በርበሬ ነው እኅቶቼ። ጆንያው እስከ ጣራ፣ ያልተቀነጠበው መሬት ላይ፣ የተደለዘው በሰፌድ። ገና ስገባ አስነጠሰኝ። «ይማርሽ» አለችኝ፤ «ያኑርሽ» ብዬ ሳልጨርስ ደገመኝ። እሷ ግን ምንም አይሰማት፤ እንደውም አዲስ አበባ ሄዳ ስታድር አየሩ ባዶ እየሆነባት እንቅልፍ እንደሚነሣት ነገረችኝ።

በእጇ እግሬን አጠበችኝ። እኔን የሚያህል ሴት፣ ቀኑን ሙሉ ገበያ የዋለች ሴት፣ ያውም የማታውቀኝ። ሽሮው በነጭ ጤፍ እንጀራ ቀረበ። የእኛ የዳጉሳ እንጀራ ሆድ ይይዛል፤ ያ የጤፉ እንጀራ ግን ወዴት እንደገባ ሳላውቅ ሁለተኛ ደገምሁ። በልተን ሳንጨርስ ከደጅ «ደብሬ!» የሚል ተሰማ። «ወይ!» አለች በመጀመሪያው። ጉርሻዬን ትሪው ላይ መለስሁት።

«በአንዴ? በዚህ ምሽት?»

«ኧረ የኔ እመቤት፣ እዚህ መንገድ ዳር ነው ያለነው። ሦስቴ እስኪጠሩኝ ብጠብቅ ገዢው ማዶ ካለችው ጋር አይሄድም?»

የከተማ ሰው በምን እንደሚደፍር ያን ማታ ገባኝ።

ቅዳሜ ጧት ደብሬ ሚኒባስ ድረስ ሸኘችኝ። ረዳቱንም «እናቴ ናት፤ ፊት አስቀምጣት» አለችው፤ በዕድሜ ግን እኩያዬ ናት። ሚኒባሱ ውስጥ የሌላ ነጋዴ በርበሬ ተጭኗል። አንዱ ጆንያ አፉ ላልቶ ኖሮ መንገዱ ትንሽ ሲያነጥረን አቧራው ተነሣ። መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ አስነጠሱ፤ «ይማርዎ» አልናቸው። ቀጥሎ አንዲት ነፍሰ ጡር፤ «ይማርሽ»። ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደሚምር ጠፋ። ሹፌሩ ሳይቀር እያስነጠሰ ይነዳል። ማንኩሳ ስንደርስ ሽማግሌው «ጎበዝ፣ ሁላችንንም አንዴ ይማረንና ይብቃን!» አሉ። «አሜን» ብለን በየራሳችን አስነጠስን።

ፍኖተ ሰላም ከእኛ አገር ይሞቃል። ማንጎው በየግቢው አለ፤ እኛ ዘንድ በገበያ ቀን ብቻ የምናየው ሙዝ እዚያ አጥር ላይ ተደግፎ ቆሟል። የስንዱን ሰፈር ስጠይቅ «ባጃጅ ይያዙ» አሉኝ። ባጃጅ ማለት እኅቶቼ፣ ሦስት እግር ያላት፣ በር የሌላት፣ መዞሪያ ላይ አንድ እግሯን የምታነሣ የምትመስል ነገር ናት። ዓይኔን ጨፍኜ ጊዮርጊስን እየጠራሁ ሄድሁ። በኋላ ነጂው ልጅ «እናቴ፣ ዓይንዎን ይግለጡ፤ ከደረስን እኮ ቆየን» አለኝ።

ስንዱ በሩ ላይ ስታየኝ ደነገጠች። «እማዬ! ማን ሞተ?»

«እስካሁን ማንም። እንዳይሞት ነው የመጣሁት። ልብስሽን ሰብስቢ።»

አከራይዋ እትዬ ንግሥት ወጥተው ሳሙኝ። ገና ሳልቀመጥ ገበታ አቀረቡ፤ ማንጎ ልጠው በቢላ እየቆረጡ አጎረሱኝ። «አንቺ የዚች ልጅ እናት ነሽ? ልጅሽ ስትለማመድ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ እየሮጠ ቤቱ ይገባል፤ እራት የደረሰ እየመሰለው!» አሉና ሳቁ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም፤ ስንዱ ግን ቀና ብላ አላየችኝም። በመካከሉ ስልኬ ጮኸ። ባለቤቴ ነው። ሦስት እስኪሞላ ስጠብቅ እትዬ ንግሥት «አንሺው እንጂ፣ ተበላሽቷል?» አሉኝ። ምክንያቱን ስነግራቸው አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሳቁ።

ከምሳ በኋላ ከልጄ ጋር ተፋጠጥን። ነገሩን ከሥሩ አስረዳችኝ። ፊልሙን በቪዲዮ አይተውታል። ገና ባልመጣ ዘመን፣ ሰዎች የእህል ዘር ጭነው በሰማይ መርከብ ወደ ሌላ ዓለም ይሄዳሉ። መንገድ ላይ አንድ የማይታይ ነገር ይገባባቸዋል። አይሮጥም፣ አይናከስም፤ ሰውን በሚወደው ሰው ድምፅ ይጠራዋል እንጂ። «አቤት» ያለ አለቀለት። መምህራቸው፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት፣ «ይኸን በእኛ ዜማ ብንሠራውስ?» ብሎ አነሣሣቸው።

«የሚያስፈራ ነገር ምን በወጣው በዜማ ይሠራል?» አልኋት።

«ሙሾስ በዜማ አይደል እማዬ?»

«አንቺንስ ይበላሻል?» አልኋት።

«አይበላኝም።»

«ታዲያ ምንድን ነሽ አንቺ?»

«ነገ ታዪዋለሽ።» ቀጥላም፣ «አንድ ነገር ልለምንሽ። ነገ መጥተሽ እዪው። ካልወደድሽው ሰኞ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ ቲያትሩም ይቅር፣ ትምህርቱም ይቅር። ከወደድሽው ግን ዳግመኛ እንዳትመጪብኝ» አለች።

«እሺ» አልሁ። እንደማልወደው እርግጠኛ ስለነበርሁ ማታውኑ ልብሷን አጣጥፌ በሻንጣዋ ከተትሁ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከእትዬ ንግሥት ጋር ወደ አዳራሹ ሄድን። ተማሪ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ የተማሪዎቹ ወላጆች፣ ከገጠር ለቤተ ክርስቲያን የመጣው ባለ ጋቢ ሁሉ ገብቷል። መድረኩ ላይ የሰማይ መርከቡ ቆሟል። በጆንያና በቆርቆሮ የተሠራ ነው፤ የእኛን ጎተራ በጎኑ ብታጋድሙት እሱን ነው። ከበላዩ ያለፈው ስብሰባ ጨርቅ ስለ ልማት ተጽፎበት እንደተሰቀለ ነው፤ የሚያወርደው ሳይገኝ ቀርቶ። ስለዚህ የሰማይ መርከቡም በልማት ሥር ነው የሚበረው።

ኦፔራ የሚባለው እንዲህ ነው። ንግግር የለበትም። በቅዳሴ ዲያቆኑ «ተንሥኡ» ሲል በዜማ እንደሚለው፣ እነሱም «ውኃ አቀብለኝ» ሲሉ በዜማ ነው። መሰንቆ አለ፣ ከበሮ አለ፣ አንዱ ልጅ ደግሞ የፈረንጅ ኪቦርድ ይነካል። መጀመሪያ ሰው ሳቀ። ቆይቶ ግን ሳቁ ቀረ፤ ልጆቹ ዘራቸውን ታቅፈው ስለ አገራቸው ጭቃ ሲያንጎራጉሩ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ዓይኗን ጠረገች።

ከዚያ መብራቱ ደበዘዘ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ያ ነገር ጠራ።

እንዴት ልበላችሁ። ጥሪው መጀመሪያ ላይ ከፍ ይላል፤ መካከሉ ላይ ይሰበራል፤ መጨረሻው ላይ «ና ብላ—» ሲል ወደ ታች ይወርዳል። አንድ ቀጭን ልጅ «አቤት እናቴ!» ብሎ ወደ ጨለማው ገባ፤ አልወጣም። ሕዝቡ «እ!» አለ። እኔ አልጮኽሁም። የሰማሁት የእኔን ድምፅ ነው። ከቤታችን የጭድ ክምር አጠገብ ቆሜ፣ ወደ ወንዙ፣ በዚያ ዜማ የምጠራ እኔ ብቻ ነኝ። እትዬ ንግሥት ጉልበቴን ጨበጥ አደረጉና «ልጅሽ ናት» አሉኝ በጆሮዬ። ልጄን ጭራቅ እንዳይበላት መጣሁ፤ ለካ ጭራቁ ልጄ ናት። ጭራቁ ደግሞ እኔን ነው የሚመስለው።

ሁለተኛውን ጠራ፤ ገባ። ሦስተኛውን ጠራ፤ እሱም ገባ። መጨረሻ የቀረው ካፒቴኑ ነው፤ ሲጫወቱ በራሳቸው ስም ነውና አንተነህ ይባላል፤ የጂጋ ልጅ ነው። ጭራቁ አሁን ከመጋረጃው ወጣ፤ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ከራሱ እስከ ጉልበቱ ተንዘርፎበታል። «አንተነህ—፣ ና ብላ—» አለ።

ይኸን ጊዜ ከመካከል አንድ ባለ ጋቢ ሽማግሌ ብድግ አሉ። «አንተ ልጅ! ሦስቴ ሳይጠራህ አቤት እንዳትል!»

አዳራሹ ፈነዳ። «እንዳትል! እንዳትል!» «ጓደኞችህን አላየህም?» «የማን ልጅ ነህ፣ አልነገሩህም ቤት?» አንተነህ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ገጠመው። እሱም የጎጃም ልጅ ነው፤ አባቱም እዚያው ተቀምጠዋል አሉ። ጭራቁ ሁለተኛ ጠራ። አንተነህ ወደ ሽማግሌው አየ፤ ወደ ጭራቁ አየ፤ ጭጭ አለ። መምህሩ ከመድረኩ ጥግ «መልስ! መልስ እንጂ!» እያለ በእጁ ይለምነዋል። መሰንቆው ያቺኑ ዜማ ይመላልሳል።

ችግሩ ይታያችኋል? አንተነህ ካልመለሰ ቲያትሩ አይሄድም። ጭራቁ ሦስተኛ ከጠራ ደግሞ ጭራቅ አይደለም፤ ሰው ነው፤ ይህን እዚያ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ሁሉም ባለበት ቆመ። ከላስቲኩ ሥር ባዶ እግሯን አየሁ። ስንዱ ልጅ ሆና ስትጨነቅ እንደምታደርገው፣ በአንዱ እግሯ ጣት ሌላውን ታሻለች። «ይበቃናል!» የሚል መጣ፤ ፉጨትም ተሰማ። ሻንጣው እቤት ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ዝም ብዬ ብቀመጥ ሰኞ ልጄን ይዤ መሄዴ ነበር።

ግን እኅቶቼ፣ ያ ጥሪ ምን እንደሆነ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የማውቀው እኔ ነኝ። ጌታሁን ከተቀበረ በኋላ ስንት ምሽት ወጥቼ በዚያ ድምፅ ጠርቻለሁ። ሦስቴም፣ ከሦስት በላይም። «ወይ» ያለኝ የለም። ጠርቶ መልስ ማጣት በጭራቅ ከመበላት ይብሳል። ያ ድምፅ ዳግመኛ ያለ መልስ እንዲቀር አልፈለግሁም።

ተነሣሁና «ወይ!» አልሁ።

ሰው ሁሉ ዞረ። ሽማግሌው «አንቺ ሴትዮ፣ አንቺ እኮ አልተጠራሽም!» ብለው ጮኹ።

«አውቃለሁ» አልኋቸው። «ወይ፣ መጣሁ!»

ጭራቁ ቆሞ ቀረ። ቆይቶ ከመድረኩ ወረደ፤ ሕዝቡ መንገድ ለቀቀለት፤ አንድ ጎረምሳ ሸሽቶ ወንበር ላይ ወጣ። መጥቶ እጄን ያዘኝ። እጁ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል።

«እማዬ፣ ምን አደረግሽ?» አለኝ ከላስቲኩ ውስጥ።

«ጠራሽኝ እኮ። ቀጥዪ።»

ቀጠለች። ያን ዜማ እያዜመች፣ እየመራችኝ መድረኩ ላይ አወጣችኝና ከመጋረጃው ጀርባ አስገባችኝ። «ኧረ ሴትዮዋ ተበላች!» ሲሉ ሰማሁ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ሌላው ያጨበጭባል። አንተነህ ብቻውን ቀርቶ ያን የእህል ዘር ታቅፎ የመጨረሻውን ዜማ ሲለው ከጀርባ ሰማሁት። ጥሩ ድምፅ አለው።

ከመጋረጃው ጀርባ ምን እንዳለ ልንገራችሁ። የተበሉት ልጆች ተደርድረው ተቀምጠው የእኔን ዳቦ ይበላሉ። ስንዱ ለእነሱ አምጥታው ኖሯል። ቀጭኑ ልጅ ቦታ ለቀቀልኝና «እናቴ፣ እንኳን ደህና ተበሉ!» አለኝ።

ሁሉም ሲበተን ስንዱ ላስቲኩን አውልቃ፣ በላብ ርሳ፣ አጠገቤ ተቀመጠች። ድምፁን ከየት አመጣሽው አላልኋትም፤ እሷው ነገረችኝ። «መምህሩ፣ ሰው እምቢ ሊለው የማይችለው ጥሪ ምን ዓይነት ነው ብሎ ጠየቀን። እኔ ትንሽ ሆኜ ማታ ማታ ጌታሁንን ስትጠሪው እሰማሽ ነበር። ከአልጋዬ ተነሥቼ እኔ በመለስሁልሽ እል ነበር፤ ግን የተጠራሁት እኔ አልነበርሁም፤ ደግሞ ፈራሁ።» አቀፍኋት። ላስቲክ ላስቲክ ትሸታለች። መምህሩ መጥቶ እጅ ነሣኝና «እናቴ፣ የሚቀጥለውም ጊዜ ይመጡልናል?» አለኝ። «እበላለሁ እንጂ አልዘፍንም» አልሁት።

ሰኞ ጧት ስንዱ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ቃሏን ጠባቂ ናት። «እንግዲህ ፍርዱን ስጪኝ» አለች። ሻንጣውን ተቀብዬ ከፈትሁት፤ ቀሚሶቿን አንድ በአንድ አውጥቼ ወደ ነበሩበት ሚስማር መልሼ ሰቀልሁላት። ጥቁሩን ሹራብ ብቻ ክርኑ ተቀዶ ስላየሁት እቤት ልጠቅመው ይዤው መጣሁ። እትዬ ንግሥት ማንጎ በከረጢት ሞሉልኝ፤ የማሩን ቅል ደግሞ እዚያው ተውሁላቸው። ባጃጁ ላይ በዚህ ጊዜ አንድ ዓይኔን ገለጥሁ።

ቡሬ ደርሶ ደብሬ ዘንድ ሳይገቡ ማለፍ ነውር ስለሆነ እዚያው አደርሁ። የሆነውን ሁሉ ስነግራት እስክታስነጥስ ሳቀች፤ በርበሬ ያላስነጠሳት ሴት። ማክሰኞ ሲመሽ ቤቴ ገባሁ፤ እናንተም ወሬ ለመስማት መጣችሁ፤ ማንጎውን ተካፈላችሁ። የዚያን ማታ ስልኬ ሲጮህ እንዴት እንዳያችሁኝ አስታውሳለሁ። እስክቆጥር ጠብቃችሁ ልትስቁ ነበር። አንዴ እንደጮኸ አነሣሁት።

«ወይ ልጄ!» አልሁ።

ስንዱ አልነበረችም። «ኧረ እኔ ነኝ፣ ንግሥት!» አሉ እትዬ ንግሥት። «ጃንጥላሽን ረስተሽ ሄደሻል፤ ሰው ሲገኝ እልክልሻለሁ። ቆይ ግን፣ በአንዴ ነው ያነሣሽው! ጭራቅ ብሆንስ ኖሮ?»

«ጭራቋማ የኔ ናት» አልኋቸው። «ስልኩን ይስጧትና እራት በልታ እንደሆነ ልጠይቃት።»